ሐርጌሳ ምን ልይ?

ጥያቄ፦ ለሥራ ከጅግጅጋ ወደ ሐርጌሳ እሄዳለሁ። ሁለት ቀን ትርፍ አለኝ፤ የሚታይ ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አለ እንጂ! አንዱን ቀን ሙሉ ለላስ ጌል ይስጡት። በበርበራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚያገኙት የዋሻ ሥዕል ነው። የአካባቢው ሰው ድሮም ያውቀዋል፤ ለዓለም የተዋወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ሲደርሱበት ነው። ላሞቹ አንገታቸው በመስመር አጊጧል፣ ጡታቸው ሞልቷል፤ ከሥራቸው እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች ይታያሉ። በድሬዳዋ አቅራቢያ ያለውን ላጋ ኦዳን ያየ ሰው ዝምድናቸውን ሳይነግሩት ይለያል፤ በቀለም ድምቀት ግን ላስ ጌልን የሚስተካከል በአካባቢያችን አለ ብዬ አላምንም። አስቀድመው ከከተማው የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያውጡ። ከከተማ የሚወጣ የውጭ ዜጋ የታጠቀ አጃቢ መያዙም የተለመደ ስለሆነ ወጪውን ከወዲሁ ያስሉ።

በማግስቱ በጠዋት የከብት ገበያ ይሂዱ። የግመል ነጋዴዎች ዋጋ የሚቆርጡት እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ በጣት ምልክት ነው፤ አጠገባቸው ቆመው እንኳ ስንት እንደተባባሉ አያውቁም። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ። ከዚያ መሐል ከተማ ያለውን የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ይዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የወቅቱ የሶማሊያ መሪ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን መደብደባቸውን የሚያስታውስ ነው። ጊዜ ከተረፈዎ መንትዮቹን የናሳ ሀብሎድ ኮረብታዎች ከሩቅም ቢሆን ያዩዋቸዋል።

ማታ ቢራ አይፈልጉ፣ ክልክል ነው። ሻይ በግመል ወተት ግን አይለፍዎት።