የማንም ያልሆነ ውሻ

ቆላማዋ አብደራፊ ከተማ ላይ ብዙ ዓመት በጤና ረዳትነት ያገለገሉ አባት ዘንድ አንድ አዲስ ሙሽራ ምክር ሊጠይቅ ሄደ።

ሙሽራው፦ አባ፣ ባለቤቴ ቡችላ እናሳድግ ትላለች። ሰሊጥ ሲደርስ እኔ ሞፈር ዘመት እከርማለሁ፤ እሷ ብቻዋን ናት።

አባት፦ እሰይ፣ ደግ አስባለች። ግን ውሻው የማን ነው? ያንተ ነው የሷ?

ሙሽራው፦ የቤቱ ነዋ።

አባት፦ የቤቱ የተባለ ውሻ ብዙ ጊዜ የማንም ሳይሆን ይቀራል። በየእርሻ ካምፑ የቀን ሠራተኛው ፍርፋሪ እየጣለ ቡችላ ያለምዳል። አጨዳው አልቆ ሰው ወደ ደጋ ሲመለስ ውሻው እዚያው ነው የሚቀረው። ተርቦ ከተማ ይገባል፤ ያስከተበው የለ፣ የሚጠራው የለ። ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ስለዚህ ሳታመጡት ተነጋገሩ፦ ማን ያበላዋል፣ ማን ያስከትበዋል፣ ሁለታችሁም ጎንደር ዘመድ ጥየቃ ስትወጡ ማን ዘንድ ይቆያል?

ሙሽራው፦ ክትባቱ ግድ ነው? በሰፈራችን ውሻ ያስከተበ ሰው አላየሁም።

አባት፦ ግድ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። መከላከያው ግን ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የተነከሰ ልጅ ከከተበ ጀምሮ አለ። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው አስከትቡት፤ በዓመቱም ይደገምለት።

ሙሽራው፦ ቢነክሰንስ? እናቴ የተነከሰን ሰው ጸበል ውሰዱት ነው የምትለው።

አባት፦ ጸበሉን አልከለክልህም፤ እኔም እጠመቃለሁ። መጀመሪያ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠብ። ቅጠልም ሆነ በርበሬ አታድርግበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ድረስ። ውሻውን አትግደለው፤ አስረህ 10 ቀን ተከታተለው። ደኅና ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ በምራቁ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። 10 ቀን እስኪሞላ ብለህ ግን የራስህን ክትባት አታዘግይ።

ሙሽራው፦ በሙቀቱ ወራት ደጅ ነው የምናድረው። አጠገባችን ቢተኛስ?

አባት፦ እዚህ ላይ ልብ በል። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ወረዳ ላይ መነሣቱ ከታወቀ በኋላ ሐኪሞች 171 ታማሚዎችን ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽረው ነበር። ውሻ ያለው፣ ቀን ከግራር ሥር የሚተኛ፣ ሌሊት ደጅ የሚያድር ሰው ይበልጥ ተይዞ አገኙት። ከውሾቹም በጥቂቶቹ መቅኔ ውስጥ የተውሳኩ ዘረ መል ተገኝቷል። ይህ ውሻ አታሳድር ማለት አይደለም። የአሸዋ ዝንቧ በተሰነጣጠቀው ዋልካችን ውስጥ ውላ ሲመሽ ትወጣለች፤ እናንተ አጎበር ውስጥ ግቡ፣ ውሻው ራቅ ብሎ የራሱ ማደሪያ ይኑረው። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነት ከከሳ፣ ግራ ጎን ካበጠ፣ ወባ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አብደራፊ ላይ ካላዛርን ለዓመታት ሲያክም፣ ዘግይቶ የሚመጣው ሰው ነበር የሚያስቸግረው።

ሙሽራው፦ ምግቡስ?

አባት፦ ከምትበሉት ስጡት። የበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ዕባጭ ካያችሁ ግን ቅበሩት፤ ውሻው ከበላው የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወደ እናንተ ይመለሳል። ውሃ ደግሞ ጥላ ሥር ቀኑን ሙሉ አይለየው፤ የሚያዝያን ሐሩር ታውቀዋለህ።

ሙሽራው፦ ያገኘናት ቡችላ ሴት ናት። ጎረቤቶች ሴት ውሻ ጣጣ አላት ይላሉ።

አባት፦ መውለዷ እውነት ነው፤ ቡችሎቹን ወንዝ ዳር መጣል ግን ነውር ነው። የሚወስድ ሰው አስቀድማችሁ ፈልጉ፣ ወይም የእንስሳት ሐኪሙን ማምከን ይችል እንደሆነ ጠይቁት። ስንት ጊዜዋ ነው?

ሙሽራው፦ አንድ ወር።

አባት፦ ገና ጡት ላይ ናት። ሌላ አንድ ወር ከእናቷ ጋር ትቆይ። እስከዚያ ከሚስትህ ጋር ያልኩህን ተመካከሩ፤ ከዚያ ሁለታችሁም አብራችሁ ሄዳችሁ አምጧት።