ሆድ ሲቆርጥ ምን እናድርግ?

የሆድ ቁርጠት ምክንያቱ ብዙ ነው። ሕፃኑንም አዋቂውንም ይይዛል። ብዙዎቻችን ግን «ወስፋት ነው» ብለን ኮሶ እናጠጣለን፤ ወይም ሆዱን እናሻለን። ይህ አንዳንዴ ነፍስ ያጠፋል።

እርግጥ ወስፋት፣ አሜባና ጃርዲያ ሆድ ይቆርጣሉ። የሚተላለፉትም በቆሸሸ ውሃ፣ በተበከለ ምግብና ባልታጠበ እጅ ነው። ሰገራ ተመርምሮ መድኃኒት ይሰጥባቸዋል።

ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ወደ ቀኝ ጎን ታችኛው ሆድ ይሄዳል። ምግብ ያስጠላል፤ ያስመልሳል፤ ያተኩሳል። ሲራመዱ ይብሳል። ሲያሹት ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሲሰጡት አንጀቱ ሊፈነዳ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሆዱ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ሰገራና ፈስ እምቢ ካለ፣ ደም ከታየ፣ ወይም የወር አበባ የቀረባትን ሴት ድንገት ሆዷን ካመማት «ነገ» አትበሉ። በሽተኛውን በቃሬዛም ቢሆን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ አድርሱ።

እዚያም ይጠየቃል፦ የት ያምሃል? መቼ ጀመረህ? አስመለሰህ? ሰገራህ እንዴት ነው? ሳታፍሩ እውነቱን ተናገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ጥያቄ፦ ሆዱን ያመመው ሰው ለምን አይታሽም?