ቫርኒሽ በተበላሸ ቁጥር ዕቃው ሁሉ አይፋቅም

የዋንዛ ጠረጴዛ ተሠርቶና ተቀብቶ ደንበኛው ሊረከብ ሲመጣ፣ ገጹ ላይ የረጋ ጠብታ ወይም ነጭ ጉም ቢታይ ርክክቡ ይቆማል። ቀሪው ክፍያም አብሮ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ቅቡን እስከ እንጨቱ ፍቆ እንደገና መቀባት የቫርኒሹን፣ የብርጭቆ ወረቀቱንና የሠራተኛውን ወጪ እጥፍ ያደርገዋል። ዕቃው በቬኒየር የተለበጠ ከሆነ አደጋው ይብሳል። ልባጡ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ በፍቂያ ሊበሳ ይችላል።

ይሁን እንጂ አብዛኛው እንከን ያለው በላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ ከመፋቅ በፊት የቅቡ ዓይነትና የእንከኑ ምክንያት መታወቅ አለባቸው።

የቅቡን ዓይነት ለመለየት በዕቃው ስውር ቦታ ላይ በጨርቅ ጥቂት አልኮል ይነካል። ቅቡ ከሟሟ ሼላክ ነው። በአልኮል ሳይሟሟ በላከር ቲነር ከሟሟ ላከር ነው። ሁለቱም ካላሟሙት ፖሊዩሬቴን ወይም መሰል ቫርኒሽ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሼላክና ላከር አዲሱ ቅብ ከአሮጌው ጋር ስለሚዋሐድ ጥገናው አይታወቅም። ፖሊዩሬቴን ግን ስለማይዋሐድ፣ እንዲይዝ ገጹ በስሱ ተሻሽቶ ከዳር እስከ ዳር መቀባት አለበት።

ነጭ ጉም፦ በክረምት ላከር ሲረጭ የሚከሰት ነው። ቲነሩ በፍጥነት ሲተን ገጹ ይቀዘቅዝና የአየሩ እርጥበት ያርፍበታል። መፍትሔው አየሩ ደረቅ የሆነበትን ቀን ጠብቆ፣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር በስሱ መርጨት ነው።

የወረደ ጠብታ፦ ሳይደርቅ ከተነካ ይቀደዳል። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በምላጭ ተልጎ፣ በ320 ከዚያም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ ይቀባል።

የአቧራ ቅንጣት፦ ቅቡ ከደረቀ በኋላ በ400 ቁጥር ቀለል አድርጎ አሽቶ፣ ጠርጎ አንድ እጅ መድገም ይበቃል።

እንደ ዓሣ ዓይን የተከፈቱ ክብ ጉድጓዶች፦ ገጹ ላይ ቅባት ወይም ከቤት ዕቃ መወልወያ የተረፈ ሲሊኮን አለ ማለት ነው። ሳይጸዳ ደጋግሞ መቀባት ጉድጓዱን አይሞላውም።

የሲኒ ክብ ምልክት፦ ነጭ ከሆነ እርጥበቱ ያለው በሽፋኑ ውስጥ ነው። በሼላክና በላከር ላይ በአልኮል በትንሹ የረጠበ ጨርቅ ሳይቆም በስሱ ሲያልፍበት ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፤ ሆኖም ሼላክ ላይ ጨርቁ ከቆየ ቅቡን ያነሣል። ምልክቱ ጥቁር ከሆነ ግን ውኃው እንጨቱ ድረስ ዘልቋል።

ሙሉ በሙሉ መፋቅ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ጥቁር ምልክት ሲኖር፣ ወይም ሽፋኑ በየቦታው ሲላቀቅ ነው። የዘይት ቫርኒሽ በተቀባ ዕቃ ላይ ላከር መርጨትም የታችኛውን ሊያሸበሽበው ስለሚችል፣ ቀላሉን ጥገና ወደ ሙሉ ፍቂያ ይለውጠዋል።

ከዚህም ሌላ ቲነር ከእሳት መራቅ፣ ሥራውም ነፋሻ ቦታ መከናወን አለበት። የዘይት ቫርኒሽ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ተዘርግቶ መድረቅ ይኖርበታል።

ማንኛውም ጥገና አስቀድሞ ከዚያው እንጨት በተረፈ ቁራጭ ላይ ቢሞከር፣ ስህተቱ በቁራጩ ላይ ይቀራል። ደንበኛውም ዕቃውን በቀጠሮው ይረከባል።