«አዘነለት» ማለት ምን ማለት ነው?



ጌታችን ሕዝቡን አይቶ «አዘነላቸው» የሚለውን ቃል በወንጌል ደጋግመን እናነባለን። ቃሉን ስለ ለመድነው ቶሎ እናልፈዋለን። ወንጌላውያን በጻፉበት በግሪክኛ ግን ቃሉ እጅግ የጠነከረ ነው፤ «ስፕላንክኒዞማይ» ይባላል። የወጣውም «ስፕላንክና» ከሚለው ስም ነው። ይህም የሆድ ዕቃ ማለት ሲሆን ልብን፣ ሳንባን፣ ጉበትንና ኩላሊትን ያጠቃልላል። የጥንት ግሪኮች በተለይ ለመሥዋዕት የታረደውን እንስሳ የሆድ ዕቃ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር።

ይህ አነጋገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። «አንጀቴን በላው»፣ «ሆዴ ባባ» እንል የለምን? በዕብራይስጥም ምሕረት («ራሐሚም») እና ማሕፀን («ሬሔም») የሚሉት ቃላት ሥራቸው አንድ ነው።

ግሡ በሐዲስ ኪዳን 12 ጊዜ ተጽፏል፤ ሁሉም በማቴዎስ፣ በማርቆስና በሉቃስ ወንጌል ውስጥ ነው። የተነገረውም ስለ ጌታችን ወይም እርሱ በምሳሌ ስለ ጠቀሳቸው ሦስት ሰዎች ነው፤ እነርሱም ዕዳውን የተወው ጌታ (ማቴ. 18፥27)፣ ደጉ ሳምራዊ (ሉቃ. 10፥33) እና የጠፋው ልጅ አባት (ሉቃ. 15፥20) ናቸው።

እንግዲህ ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣውን እናስተውል። ጌታችን አዘነ፤ የተራቡትን መገበ (ማር. 8፥2)። አዘነ፤ የዕውሮቹን ዓይን ዳሰሰ (ማቴ. 20፥34)። አዘነ፤ የናይኗን መበለት ልጅ አስነሣ (ሉቃ. 7፥13)።

በሳምራዊው ምሳሌም ካህኑና ሌዋዊው የቆሰለውን ሰው አይተውታል። ሳምራዊውም አየው። እስከዚህ ድረስ ሦስቱም እኩል ናቸው፤ ሳምራዊውን የለየው አንጀቱ ነው። ቁስሉን አከመለት፣ በራሱ ከብት ጭኖ ወደ እንግዳ ማደሪያ ወሰደው፣ ሁለት ዲናርም ከፈለለት። አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበረ (ማቴ. 20፥2)። ስለዚህ ርኅራኄው የሁለት ቀን ድካም አስከፍሎታል።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከንፈር መጥጠን እናልፋለን። ይህ ኀዘን ይሁን እንጂ ወንጌል የሚናገረው ኀዘን አይደለም። ሐዋርያው ዮሐንስም ሀብት እያለው የተቸገረውን ወንድሙን አይቶ «ስፕላንክናውን» የሚዘጋውን ሰው ይወቅሳል (1ኛ ዮሐ. 3፥17)። አንጀት የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ፣ መክፈቱም መዝጋቱም የእኛ ፈንታ ነው ማለት ነው።

ለውይይት፦ ከመካከላችን ታሞ ወይም ተቸግሮ የቀረ ማን አለ? እስከሚመጣው እሑድ ድረስ ለእርሱ ምን እናደርጋለን?