ያለ ልክ የመብላት ሕመም በልጃገረዶች ላይ

አብዝቶ መብላት ሁሉ ሕመም አይደለም፤ በዓመት በዓል ቀን ከልክ ያለፈ የበላን ሰው ሐኪም ዘንድ መውሰድ አያሻም። በዚህ ወር ልናስረዳ የፈለግነው ግን ሌላ ነው። በዚህ ሕመም የተያዘች ልጃገረድ በአጭር ጊዜ ውስጥ እጅግ ብዙ ምግብ ትበላለች፤ ልተው ብትልም አይቻላትም። ብዙውን ጊዜ የምትበላው ተሸሽጋ ነው፤ ከበላችም በኋላ ራስዋን ትጸየፋለች። ይህ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እየተደጋገመ ሦስት ወር ከቆየ ሐኪሞች ሕመም ይሉታል። አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ስተንካርድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ስለዚህ ጠባይ ጽፈው ነበር፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ግን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ በመዝገቡ ያሰፈረው በ2013 ነው።

በየቤቱ የተለመደው መድኃኒት ስድብና ቁልፍ ነው። ልጅቱ «ሆዳም» ትባላለች፤ ጓዳው ይቆለፋል፤ እርስዋም አፍራ በማግሥቱ ቁርስዋንና ምሳዋን ትተዋለች። ቀኑን ሙሉ የተራበ ሰውነት ማታ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይሆናልና እንደ ገና ያለ ልክ ትበላለች፤ እንደ ገናም ታፍራለች።

በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ክርስቶፈር ፌርበርን የተባሉ ሐኪም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ያስፋፉት የጠባይና የአስተሳሰብ ሕክምና ይህንን ሰንሰለት ይበጥሳል። ሕክምናው መጀመሪያ የታሰበው የበሉትን ለሚያስመልሱ ሕሙማን ነበረ። ሕመምተኛዋ ትንሽ ደብተር ይዛ የበላችውን፥ ሰዓቱንና ቦታውን፥ ያን ጊዜ ያሳሰባትንም ነገር ወዲያው ትጽፋለች። ማታ ተሰብስቦ የሚጻፍ ደብተር እምብዛም አይጠቅምም፤ ሰው የሚያሳፍረውን ነገር ፈጥኖ ይረሳልና። ከዚያም ሦስት ገበታና ሁለት መክሰስ በየሰዓታቸው ይመደባሉ፤ በመካከላቸውም ከአራት ሰዓት የበለጠ እንዳያልፍ ይደረጋል። ትናንት ማታ ያለ ልክ የበላች እንኳ ዛሬ ቁርስዋን አትተውም። ወላጆችን እጅግ የሚያስገርማቸው ይህ ነው፤ እኛ ግን የሕክምናው ዋና ምሰሶ ይኸው ነው እንላለን። ከጠብ ወይም ከፈተና ውጤት በኋላ የምትበላ መሆንዋ ከደብተሩ ሲታወቅ፥ ያን ሰዓት ከጓደኛ ጋር በመጫወት ወይም በእግር በመንሸራሸር ለማሳለፍ አስቀድማ ትወስናለች።

ሕክምናው ክብደት ለመቀነስ የታሰበ አለመሆኑን ወላጆች ይወቁት። መምህራንም ተማሪዎችን በጓደኞቻቸው ፊት ከመመዘንና በውፍረታቸው ከመቀለድ እንዲታቀቡ እናሳስባለን። የበላችውን የምታስመልስ፥ ራስዋን የምትስት ወይም ሞትን የምትመኝ ልጅ ብትገኝ ግን ደብተር ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትወሰድ።