የወይዘሮ ሮማን ተስፋዬ ሥራ

ወይዘሮ ሮማን የወላይታው ተወላጅ የአቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ባለቤት ናቸው። አቶ ኃይለማርያም ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን (2005–2010 ዓ.ም.) ቀዳማዊት እመቤት ሆነው፣ ኤች አይ ቪን የሚዋጋውን የአፍሪካ ቀዳማዊት እመቤቶች ድርጅት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

እኛን ይበልጥ የነካን ግን ስለ ማኅፀን በር ካንሰር በአደባባይ መናገራቸው ነው። በሶዶም ሆነ በገጠሩ ስንት እናት አፍራ ሕመሟን ትደብቃለች! በሽታው በቫይረስ የሚመጣ፣ ለዓመታት ተደብቆ የሚያድግ ነው፤ ቀድሞ ከተደረሰበት ግን ይድናል። በ2008 ዓ.ም. ስለዚሁና ስለ ጡት ካንሰር የመከረውን አፍሪካዊ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ አስተናገዱ። በ2011 ዓ.ም. የመከላከያው ክትባት በአገር ደረጃ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ፤ በአብዛኛው በየትምህርት ቤቱ። ከትምህርት ገበታ የቀሩትን የመንደራችንን ልጃገረዶችስ ማን ይንገራቸው?