ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር፤ ስለ መልክና ስለ ንቀት

በዓለም ከተማም ሆነ በመንዝ መንደሮች ለልጅ ሚስት ሲታጭ፣ ሽማግሎች ስለ ሀብትና ስለ ጠባይ ከመጠየቃቸው በፊት ብዙ ጊዜ «አጥንቱስ?» ይላሉ። ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቆጠራው ዝምድናን ለመለየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ከአያት ከቅድመ አያት መካከል ባሪያ የተባለ ሰው እንዳለ ለማጣራትም ያገለግላል። የልጁ ወይም የልጅቱ መልክ ጠቆር ያለ እንደ ሆነ ጥርጣሬው ይበረታል።

በቋንቋችን ሰው ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ይባላል። መልክን መግለጽ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጠይምነትም በዘፈናችን ይወደሳል። ጥፋቱ የሚጀምረው መልክ የዘር ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ ስድቡን ግን አዋጁ አልሻረውም።

ይህ በመካከላችን የምናደርገው ልዩነት በባዕድ ፊት ምን ዋጋ እንዳለው በሦስት ምሳሌ እንመርምር።

አንደኛ፤ ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በያዘችበት ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም. ያወጣችው ሕግ ኢጣልያውያን ከቅኝ ተገዢዎቿ ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ በእስራት ቅጣት ከለከለ። ሕጉ የእኛን ቀይ ከጥቁሩ፣ ጨዋውን ከባሪያው አልለየም።

ሁለተኛ፤ ባጋት ሲንግ ቲንድ የሚባል ከህንድ ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ ዜግነት ጠየቀ። በዚያን ጊዜ ከውጭ የመጣ ሰው ዜጋ የሚሆነው ነጭ ወይም የአፍሪካ ተወላጅ ሲሆን ነበር። ስለዚህ ሰውየው ከከፍተኛ የህንድ ወገን የተወለደ አርያን ነውና እንደ ነጭ ይቆጠር ተብሎ ተከራከሩለት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1923 እ.ኤ.አ. ክርክሩን አልተቀበለም። በአገሩ ከሌላው በላይ ያደረገው የትውልድ ክብር በባዕድ አገር ምንም አልጠቀመውም።

ሦስተኛ፤ ቤተ እስራኤል የተባሉት ወገኖቻችን በአገራቸው ሳሉ በመካከላቸው ጨዋና ባሪያ ይባባሉ ነበር፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን ቀይ ወይም ጠይም እንጂ ጥቁር አይሉም ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት በአውሮፕላን ተጉዘው እስራኤል ሲደርሱ ግን ሁሉም በአንድነት ጥቁር ተባሉ። የለገሱት ደም በበሽታ ፍራቻ በስውር ይጣል እንደ ነበር በጥር 1988 ዓ.ም. በተገለጠ ጊዜ፣ ብዙ ሺሕ ሆነው በኢየሩሳሌም ቁጣቸውን አሰሙ። ቁጣቸው እውነተኛ ነበር። ሆኖም ባሪያ የሚለው ስም እዚያም በመካከላቸው ጨርሶ አልጠፋም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሌላውን የምንመዝንበት ሚዛን እኛንም መመዝኑ እንደማይቀር ነው። በውጭ አገር በወገናችን ላይ የሚደርሰውን ንቀት በሰላማዊ ሰልፍ እያወገዝን፣ በቤታችን ያለውን ጨዋታ ብለን ልናልፈው አይገባንም።

እኛም በመኝታ ክፍላችን መልኩ የጠቆረውን ጓደኛችንን በቅጽል ስም ስንጠራው ነበር። እርሱም አብሮን ይስቅ ስለ ነበር የወደደው መሰለን። ለክረምት ዕረፍት ስንለያይ ግን «ስትመለሱ በስሜ ጥሩኝ» አለን። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጣን።

ወንድሞችና እህቶች፤ ይህን ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ሽማግሎቹ «አጥንቱስ?» ማለታቸው አይቀርም። የተማርነውን በማክበር ነገር ግን ሳንፈራ እንንገራቸው። ከዚያ በፊት ግን ጓደኛችንን በስሙ እንጥራው።